በአሜሪካ ስለሚከፈለው የሽያጭ ግብርና ስለ አቈጣጠሩ የተደረገ ንግግር



ስለ ፌዴራላዊ አስተዳደር በተነገረ ቍጥር ብዙዎቻችን ሥልጣን በማእከላዊው መንግሥትና በክፍሎቹ መካከል እንዴት እንደሚከፈል ለመረዳት የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች እንገልጣለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የአሜሪካን ፌዴሬሽን በእጁ ዳስሶ ሊያውቀው የሚወድ ሰው ከአንድ ሱቅ ሳሙና ገዝቶ የተሰጠውን ደረሰኝ ቢመለከት ብዙ ይማራል። በዚያች ቍራጭ ወረቀት ግርጌ የተጻፈችው ጥቂት ሳንቲም ለክፍለ ግዛቱ፥ ለከተማው፥ አንዳንድ ጊዜም ለአውቶቡስና ለባቡር መሥሪያ ቤት የምትከፋፈል ናት። ለማእከላዊው መንግሥት ግን ከእርስዋ አንዳች አይደርሰውም፤ እርሱ አጠቃላይ የሽያጭ ግብር የለውምና።

ስለዚሁ ግብር አቈጣጠር እንድናገር ያነሣሣኝ አንድ ደብዳቤ ነው። በሜሪላንድ ልብስና የቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ዘመዴ፥ «አንተ በመንግሥት የሒሳብ ሥራ ላይ ነህና መዝገቤን እይልኝ፤ ወር በደረሰ ቍጥር ከእጄ የሚጐድል ገንዘብ አለ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቅሁም» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። የጐደለውን ገንዘብ በኋላ አገኘነው፤ ነገሩንም በቦታው እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን የግብሩን ጠባይ ላስረዳ።

የሽያጭ ግብር፥ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ሴልስ ታክስ» የሚሉት፥ የተስፋፋው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት፥ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በደረሰ ጊዜ ነው። ከርስትና ከቤት ይገባ የነበረው ግብር በመድከሙ፥ ክፍለ ግዛቶች ሌላ የገቢ ምንጭ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በ1932 ሚሲሲፒ በችርቻሮ ሽያጭ ላይ አጠቃላይ ግብር ጣለች፤ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥም ከሃያ የበለጡ ክፍለ ግዛቶች ተከተሏት። ወዲያውም አንድ የሒሳብ ችግር ተነሣ። ከመቶ 2 ግብር በ10 ሳንቲም ዕቃ ላይ ሲቈጠር የአንድ ሳንቲም አምስተኛ እጅ ይሆናል፤ ይህን የሚያህል መገበያያ ገንዘብ ደግሞ በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች «ሚል» የተባለ፥ ዐሥሩ አንድ ሳንቲም የሚሆን፥ ከአሉሚኒየም፥ ከዚንክ፥ ሚዙሪም ከካርቶን ጭምር የተሠራ ምልክት አውጥተው ሕዝቡ እንደ ገንዘብ ይዞት እንዲዞር አደረጉ። ይህ ልማድ ከቀረ ቈይቷል፤ የዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ብርቅ ዕቃ ይፈልጉታል። ነገር ግን ከሳንቲም በታች ያለውን ትርፍራፊ ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ዛሬም አለ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአሁኑ ጊዜ 45 ክፍለ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ይህን ግብር ያስከፍላሉ። ዴላዌር፥ ሞንታና፥ ኒው ሃምፕሸር፥ ኦሪገንና አላስካ በክፍለ ግዛት ደረጃ የላቸውም፤ አላስካ ግን ከተሞቿና አውራጃዎቿ በየራሳቸው እንዲጥሉ ትፈቅዳለች። ግብሩን የሚጥሉት አካላት በሙሉ፥ ከተማውም አውራጃውም ልዩ ቀበሌውም ቢቈጠሩ፥ ከ10,000 ይበልጣሉ። በሜሪላንድ ነገሩ ቀላል ነው፤ በመላው ክፍለ ግዛት ከመቶ 6 ነው፥ ከተማም ሆነ አውራጃ አይጨምርበትም። በቴክሳስ ክፍለ ግዛቱ ከመቶ 6.25 ይወስዳል፤ የአካባቢ አስተዳደሮች ደግሞ አንድ ላይ ተደምረው ከመቶ 2 ሳያልፉ ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ በዳላስና በሂውስተን ገዢው ከመቶ 8.25 ይከፍላል፤ ከዚህም በሁለቱም ከተሞች ከመቶ 1 ለከተማው፥ ከመቶ 1 ለሕዝብ ማመላለሻ ይውላል። በኒው ዮርክ ከተማ የክፍለ ግዛቱ 4፥ የከተማው 4.5፥ የአካባቢው የመጓጓዣ ክልል ደግሞ 0.375 ተደምሮ ከመቶ 8.875 ይሆናል። በሲያትል ድምሩ ከመቶ 10 አልፏል።

እንግዲህ ሰው፥ «የከተማዬን ቍጥር ካወቅሁ በዋጋው አባዝቼ መጨረስ ነው» ሊል ይችላል። ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ የሚያሳስታቸው ይህ አሳብ ነው። ግብሩ በቦታው ብቻ አይወሰንም፤ በዕቃውም ይወሰናልና። ብዙ ወገኖቻችን ካሉባት ከቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ አንድ ምሳሌ ላምጣ።

በአሌክሳንድሪያ ጠቅላላው የሽያጭ ግብር ከመቶ 6 ነው፤ ይኸውም የክፍለ ግዛቱ 4.3፥ የአካባቢው 1፥ ለሰሜን ቨርጂንያ መንገድና መጓጓዣ የሚውለው 0.7 ተደምሮ ነው። በቤት ተዘጋጅቶ በሚበላ ምግብ ላይ ግን ክፍለ ግዛቱ በ2023 መጀመሪያ የራሱን ድርሻ ስለ ተወ፥ የቀረው የአካባቢው ከመቶ 1 ብቻ ነው። በምግብ ቤት ተሰናድቶ በሚቀርብ ምግብ ላይ ደግሞ ከተማው ከሽያጭ ግብሩ ሌላ ከመቶ 5 የምግብ ቤት ግብር ይጥላል፤ ስለዚህ ድምሩ ከመቶ 11 ይሆናል። አሁን አንዲት እናት በዚያች ከተማ፥ በፊት ለፊቱ ሸቀጥ በጓዳው ወጥ ቤት ወዳለው የሐበሻ ሱቅ ገቡ እንበል። የ40 ዶላር የጤፍ ዱቄት፥ የ25 ዶላር ጀበና፥ ለምሳቸውም የ22 ዶላር ዶሮ ወጥ በእንጀራ አዘዙ። የዱቄቱ ግብር 40 ሳንቲም ነው። የጀበናው 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ዶሮ ወጡ ግን ከመቶ 6 ሒሳብ 1 ዶላር ከ32፥ ከመቶ 5 ሒሳብ 1 ዶላር ከ10፥ በድምሩ 2 ዶላር ከ42 ሳንቲም ይከፈልበታል። ሁለቱም የሚታሰቡት በምግቡ ዋጋ ላይ ነው፤ አንዱ ግብር በሌላው ግብር ላይ አይታሰብም። ዕቃው 87 ዶላር፥ ግብሩ 4 ዶላር ከ32፥ የሚከፍሉትም 91 ዶላር ከ32 ሳንቲም ነው።

ባለሱቁ ነገሩን ለማቅለል ብሎ ሁሉንም በከመቶ 6 ቢያስበው ኖሮ ከ87 ዶላሩ 5 ዶላር ከ22 ሳንቲም ይቀበል ነበር። ይህ ለዱቄቱ እናቲቱን ያለ አግባብ ያስከፍላል፤ በዶሮ ወጡ ደግሞ የከተማውን ድርሻ ያጐድላል። መርማሪው በመጣ ጊዜም የዱቄቱ ትርፍ የዶሮ ወጡን ጕድለት ይሙላልኝ ማለት አይቻልም፤ የጐደለውን ባለሱቁ ከኪሱ ይሞላል፥ ያለ አግባብ የተቀበለውም ለእርሱ አይቀርለትም። በአንድ ገበታ ላይ ሦስት ዓይነት ቍጥር ማለት ይህ ነው። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ጥሬው ከመቶ 1፥ ተፈልቶ በሲኒ ሲቀርብ ከመቶ 11። (ይህም ቢሆን የተሰናዳ ምግብ ሽያጩ ከሱቁ ጠቅላላ ሽያጭ ከመቶ 80 ያላለፈ እንደ ሆነ ነው፤ ካለፈ በቨርጂንያ ሕግ ያ ቤት የከመቶ 1ዱን ቅናሽ አያገኝም።)

በሌላ ክፍለ ግዛት ደግሞ ልዩነቱ ሌላ ነው። በቴክሳስ ዱቄቱና ምስሩ ነጻ ሲሆኑ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ግብር አለባቸው። በቴነሲ አብዛኛው ዕቃ ለክፍለ ግዛቱ ከመቶ 7 ሲከፈልበት ለቤት የሚገዛ ምግብ ከመቶ 4 ይከፈልበታል፤ የአካባቢው ድርሻ ሁለቱም ላይ ይጨመራል። በፔንሲልቬንያና በሚኒሶታ ልብስ ነጻ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ የአንዱ ልብስ ወይም ጫማ ዋጋ ከ110 ዶላር በታች ከሆነ ምንም አይከፈልበትም፤ 110 ዶላር የሞላ እንደ ሆነ ግን ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ በሙሉው ዋጋ ላይ ይታሰባል። ስለዚህ 109 ዶላር ከ99 ሳንቲም የተባለ ጫማ በዚያው ዋጋ ይወጣል፤ 110 የተባለው ግን 119 ዶላር ከ76 ሳንቲም ይሆናል። አንዲት ሳንቲም ዐሥር ዶላር ያህል ስትጐትት ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ግብሩን በፖስታ ቍጥሩ ይፈልጋል። የፖስታ ቍጥር ግን የተሠራው ለደብዳቤ አመላላሽ እንጂ ለቀራጭ አይደለም፤ በአንድ የፖስታ ቍጥር ውስጥ ሁለት ከተማ፥ ከእነርሱም ውጭ ያለ የአውራጃ መሬት ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሙሉውን አድራሻ ይዞ የክፍለ ግዛቱ የግብር መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው መፈለጊያ ማየት ነው። ዕቃው ወደ ገዢው ቤት የሚላክ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛዎቹ ክፍለ ግዛቶች የሚቈጠረው ዕቃው በሚደርስበት ቦታ ልክ ነው። በቴክሳስ ግን በዚያው ክፍለ ግዛት ያለ ሻጭ በጠቅላላው የሚያስበው ሱቁ ባለበት ቦታ ልክ ነው።

አሁን ወደ ትርፍራፊዋ ሳንቲም እንመለስ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዘንድ ያለው ደንብ፥ ሒሳቡን ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስተኛው አኃዝ አድርሶ፥ ያ አኃዝ ከ4 የበለጠ ሲሆን ሳንቲሟን ከፍ ማድረግ፥ ያለዚያ መተው ነው። በዳላስ የ13 ዶላር ከ30 ሳንቲም ዕቃ በከመቶ 8.25 ሲባዛ 1.09725 ይመጣል፤ ሦስተኛው አኃዝ 7 ነውና ግብሩ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይሆናል። ከላይ የጠቀስሁት የኒው ዮርኩ ጫማ 9.7625 መጥቶ ሦስተኛው 2 ስለ ሆነ በ9 ዶላር ከ76 ቀረ። በየዕቃው ማሰብና በጠቅላላ ድምሩ ማሰብም ውጤቱን ሊለያይ ይችላል፤ በከመቶ 8.25 ሦስት የ90 ሳንቲም ዕቃዎች ለየብቻ ሲታሰቡ ግብራቸው 21 ሳንቲም፥ ተደምረው ሲታሰቡ 22 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው በአንዱ መንገድ ጀምሮ በሌላው መጨረስ አይገባውም።

የዘመዴን ነገር ለመናገር ጊዜው አሁን ነው። ወር ሲያልቅ በሣጥኑ የገባውን ገንዘብ ይደምራል፤ በአንድ ወር 21,200 ዶላር ሆነ እንበል። የሜሪላንድ ግብር ከመቶ 6 ነውና 21,200ን በ6 አባዝቶ ለመቶ ያካፍልና 1,272 ዶላር ይከፍላል። ስሕተቱ የት እንዳለ እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም። በሣጥኑ ያለው ገንዘብ የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ገዢዎቹ የከፈሉት ግብር አስቀድሞ በውስጡ አለበት። ስለዚህ እርሱ በግብሩ ላይ ደግሞ ግብር ይከፍል ነበር። ትክክሉ ጠቅላላውን ለ1.06 ማካፈል ነው፤ 21,200 ለ1.06 ሲካፈል 20,000 ዶላር ይወጣል፥ የሽያጩ ዋጋ ይህ ነው፤ የቀረው 1,200 ዶላር ግብሩ ነው። የጐደለበት በወር 72 ዶላር፥ በዓመት 864 ዶላር ሆነ። ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የየወሩን መግለጫ አርሞ ይመለስልኝ ብሎ አመለከተ፤ ይህንም ለማድረግ ደረሰኞቹን ሁሉ ማውጣትና አንድ በአንድ መቍጠር ነበረበት። ደግነቱ ወረቀት የሚጥል ሰው አይደለም።

እርሱ የጐዳው ራሱን ብቻ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላው ዓይነት ነው፤ ስሙንና ከተማውን አልጠራም። ይህ ሰው ግብሩን በትክክል ቈጥሮ ሰብስቦ ሳለ፥ ገበያ የቀዘቀዘ ጊዜ በዚያው ገንዘብ የሱቁን ኪራይ ከፈለበት፤ «በሚመጣው ወር እተካዋለሁ» ብሎ። የሚመጣውም ወር እንደ ፊተኛው ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ከመንግሥት እንደ ተወሰደ ብድር ያየዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አያየውም። በቴክሳስ ሕግ ነጋዴው ከገዢ የተቀበለው የሽያጭ ግብር ለክፍለ ግዛቱ በአደራ የተያዘ ገንዘብ ነው፤ በኒው ዮርክም እንዲሁ ነው። ንግዱ በማኅበር ስም የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ በኒው ዮርክ ሕግ ኀላፊ የሆነው ሰው በግል ንብረቱ ይጠየቅበታል። ማኅበሩ ቢዘጋ ዕዳው ከሰውዬው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ስለዚህ ስናወራ፥ አደራ የሚለው ቃል በአማርኛችን ካለው ክብደት ጋር በአንድ የቅጥር ደንብ ውስጥ መገኘቱ አስገረመን።

የመዘግየትም ዋጋ አለው። በቴክሳስ በየወሩ የሚያሳውቅ ነጋዴ የወሩን ሒሳብ በሚቀጥለው ወር በ20ኛው ቀን ይከፍላል። ግብሩ 3,000 ዶላር የሆነበት ሰው በጊዜው ቢከፍል ክፍለ ግዛቱ ከመቶ ግማሽ፥ ማለት 15 ዶላር፥ ስለ ድካሙ ይተውለታል። ዐሥር ቀን ቢዘገይ 15 ዶላሩን ያጣል፤ ከመቶ 5፥ ማለት 150 ዶላር መቀጫ ይጨምራል፤ መግለጫውን ስላዘገየም 50 ዶላር ይከፍላል። ከ30 ቀን ያለፈ እንደ ሆነ ከመቶ 5 የነበረው ከመቶ 10 ይሆናል።

ከአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። በ1995 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የእኛው ታክስ ከመቶ 15 ሆኖ በመላው አገር አንድ ነው፤ የተመዘገበ ነጋዴ ሁሉ በየደረጃው እየተቀበለ፥ ሲገዛ የከፈለውን እያቀናነሰ ልዩነቱን ለመንግሥት ያገባል። የአሜሪካው የሚከፈለው በመጨረሻው ሽያጭ ላይ ብቻ ነው። ቸርቻሪው ከጅምላ ሻጭ ሲገዛ ዕቃው እንደገና የሚሸጥ መሆኑን የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፥ ግብርም አይከፍልም። ነገር ግን ከዚያው ዕቃ አንዱን ብርድ ልብስ ለቤቱ ቢወስድ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ገዢ እርሱ ሆነ፤ ግብሩንም ይከፍላል። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ጥቂት እንደ ሆነ እገምታለሁ።

ግብር ወደሌለበት ክፍለ ግዛት ሄዶ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ነው። የሜሪላንድ ነዋሪ ከዴላዌር የ1,000 ዶላር ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱ ቢያስገባ፥ «የመጠቀሚያ ግብር» በሚባለው ሕግ 60 ዶላር ለሜሪላንድ ይከፍል ዘንድ ይገባዋል። በፖስታና በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ግን ቀድሞ ያመልጥ ነበር፤ የጠቅላዩ ፍርድ ቤት በ1992 ሱቅ ወይም ሠራተኛ በሌለበት ክፍለ ግዛት አስከፋይ ሊሆን አይገደድም ብሎ ነበርና። ያው ፍርድ ቤት በ2018 ሰኔ ወር በደቡብ ዳኮታና በዌይፌር ኩባንያ መካከል በነበረው ክርክር አምስት ለአራት ሆኖ ይህን ሻረው። እንግዲህ በርበሬና ነጠላ በፖስታ የምትልክ እኅታችንም ብትሆን በየክፍለ ግዛቱ ያላት ሽያጭ ወሰኑን ሲያልፍ ትገባበታለች፤ ወሰኑ በደቡብ ዳኮታ በዓመት 100,000፥ በቴክሳስ 500,000 ዶላር ነው።

ለገዢውም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የፌዴራል የገቢ ግብሩን መግለጫ ሲያቀርብ ተቀናሾቹን በዝርዝር የሚጽፍ ሰው ለክፍለ ግዛቱ ከከፈለው የገቢ ግብርና ከሽያጭ ግብር አንዱን መርጦ በሕጉ ወሰን ልክ ሊያስቀንስ ይችላል። የቴክሳስ ነዋሪ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ስለሌለበት የሚመርጠው የሽያጩን ነው። ደረሰኝ ሰብስቦ መደመር ይችላል፤ ካልሰበሰበም የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ባወጣው ሠንጠረዥ ይጠቀማል፥ በሠንጠረዡም ላይ ለመኪና የከፈለውን ይጨምርበታል። በቴክሳስ የመኪና ግብር ከመቶ 6.25 ብቻ ነውና ለ20,000 ዶላር መኪና 1,250 ዶላር ይሆናል።

ዘመዴ በቅርቡ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ላከልኝ። በአሌክሳንድሪያ ሁለተኛ ሱቅ፥ ከጓዳውም ወጥ ቤት ለመክፈት አስቧል፤ የሜሪላንዱን የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና እንዳለ ይዤ ልሻገርን ይላል። የመለስሁለት፥ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በመኪናው ላይ ሦስት ቍልፍ እንዲያሠራ ነው፤ አንዱ ለዱቄቱና ለጥሬ ቡናው፥ አንዱ ለጀበናውና ለዕቃው፥ አንዱ ለወጥ ቤቱ። በሜሪላንድ ለ1.06 እያካፈለ ይታረም የነበረው ሒሳብ በአሌክሳንድሪያ አያድነውም፤ ሦስቱ በአንድ ሣጥን ከተደባለቁ በኋላ የሚለያቸው አካፋይ ቍጥር የለምና። ግብሩንም በየሳምንቱ እያወጣ በሌላ የባንክ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ጻፍሁለት።

ጥያቄ ያላችሁ እንደ ሆነ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።